በፊልም የቀረ የእጅ ጥበብ፤ ስለ ቀድሞ ዘመን የካርታ ምትሐተኞች ለመምህራን የቀረበ ንግግር



በመምህራን ጉባኤ ፊት ስለ ካርታ ምትሐት የሚቀርብ ንግግር በመጀመሪያ ሲሰሙት ያስገርም ይሆናል። ካርታ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ቁማር ነው፤ ምትሐት ሲባል ደግሞ ወደ ጥንቆላ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ቁማርም ስለ ጥንቆላም አይደለም። ነገሩ በረዥም ልምምድ ስለ ሠለጠነ እጅ፥ ያንን እጅ እያየ ስለሚሳሳት ዓይንና ልብ፥ እንዲሁም ይህን ሁሉ ለኋለኛው ትውልድ ይዘው ስለ ቆዩ ጥቂት ብርቅ ፊልሞች ነው።

አስቀድሞ ሦስት ሰዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠንቋይ የሚያደርገውን ሁሉ መንፈስ እንደሚሠራለት አድርጎ ይናገራል። አጭበርባሪ ቁማርተኛ የሚሠራውን ጨርሶ ይሠውራል፤ ተንኰሉ የሚሰምርለት ተንኰል መኖሩ ሳይታወቅ ሲቀር ነውና። የእጅ ምትሐተኛ ግን ተመልካቹን ሊያታልል መቆሙን በግልጽ አሳውቆ ይጀምራል፤ ተመልካቹም ፈቅዶና ከፍሎ ይታለላል። የሦስቱም እጅ አንድ ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የሚለያቸው ልባቸው ነው። ይህ ንግግር የሚመለከተው ሦስተኛውን ሰው ነው፤ ሁለተኛውን የሚያነሣው መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከእርሱ እንዲጠብቁ ለማሳሰብ ያህል ነው።

ንግግሩ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ የምትሐተኞች እጅ በምስል መያዝ እንዴት እንደ ተጀመረና ከተያዘውም ስንቱ እንደ ጠፋ፥ ቀጥሎ የተረፉት ፊልሞች ምን እንደሚያሳዩ፥ በመጨረሻም መምህር ከእነርሱ ምን እንደሚያገኝ ይገለጻል። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩፤ የተያዘውና የጠፋው

የእጅ ምትሐት ከሌሎች ጥበቦች ይልቅ ቶሎ ይጠፋል። ሠዓሊ ሥዕሉን፥ ደራሲ መጽሐፉን፥ ግንበኛ ሕንፃውን ትቶ ይሞታል፤ የምትሐተኛ ሥራ ግን እጁ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው በቪየና ከተማ የኖረው ዮሐን ኔፖሙክ ሆፍዚንሰር ነው። ይህ ሰው በ1806 ተወልዶ በ1875 የሞተ ሲሆን፥ የመንግሥት ሥራውን እየሠራ በማታ ደግሞ እንግዶችን በቤቱ ሰብስቦ በካርታ የሚያስደንቅ ጥበበኛ ነበር። ከሞተ በኋላ ጽሑፎቹ እንዲቃጠሉ ማዘዙና ሚስቱም ትእዛዙን መፈጸሟ ይነገራል። ኦቶካር ፊሸር የተባለ የአገሩ ሰው የተረፈውን ለቃቅሞ በ1910 በመጽሐፍ ባያወጣው ኖሮ ከስሙ በቀር ብዙ ነገር ባልቀረ ነበር። መጽሐፉም ቢሆን የሚናገረው ካርታው የት እንደሚቀመጥና ጣት የት እንደሚያርፍ ነው። የእጁን አካሄድ፥ የዓይኑን አመራር፥ ዝም ያለበትን ቅጽበት መጽሐፍ ሊያሳይ አይችልም።

የምትሐተኛን እጅ በምስል ለመያዝ ከተደረጉት ሙከራዎች ቀደም ካሉት አንዱን ያስጀመረው የቲያትር ሰው ሳይሆን የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ይህም ሊቅ ስሙ ለመምህራን እንግዳ ያልሆነው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ነው። በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋራ ሆኖ፥ ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ለይቶ ለማወቅ የሚያገለግለውን የአእምሮ መመዘኛ ያወጣ እርሱ ነው። ከዚያ 12 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ1893፥ ይኸው ሊቅ በፓሪስ የታወቁትን ምትሐተኞች ጋብዞ ሥራቸውን መረመረ። ተከታታይ ፎቶግራፍ በማንሣት የታወቀው ዦርዥ ደመኒም ሬናሊና አርኑ የተባሉት ምትሐተኞች እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቅጽበት በቅጽበት በምስል ያዘ። ሲኒማ ለሕዝብ ሊቀርብ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

የምርመራው ውጤት የሚያስተምር ነው። በቲያትር ቤት ተመልካቹን ሁሉ ያሳስት የነበረው እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ተለያይቶ ሲታይ ማሳሳቱን ተወ። ከእጅ የወጣ የመሰለው ዕቃ ከእጅ እንዳልወጣ በምስሉ ላይ በግልጽ ይታያል። ካሜራ የሚይዘው በፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ የሰው ዓይን ግን ያየውን ከጠበቀው ጋራ ያጣምራል፤ ያልተደረገውንም እንደ ተደረገ አድርጎ ለልብ ያቀርባል። ቢኔ ይህን ጥናቱን በ1894 አሳተመው። «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» የሚለው የአገር ተረት በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበት ዘንድ የሚገባው ይመስላል፤ ልብ አስቀድሞ ከፈረደ ዓይን የሚያየው ልብ የፈረደውን ነው።

በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማን በፓሪስ ለሕዝብ አሳዩ። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ከተነሡት አጫጭር ፊልሞች አንዱ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎችን ያሳያል። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ የወንድማማቾቹ አባት አንትዋን ሉሚዬር ሲሆን፥ ሌላው ፌሊሲየን ትሬዌ ነው። ትሬዌ በዘመኑ ስሙ የገነነ የእጅ ጥበበኛ ነበረ፤ በጣቶቹ ጥላ ልዩ ልዩ መልክ ያሳያል፥ ካርታም ወርውሮ ከመድረክ እስከ ሩቅ መቀመጫ ያደርሳል። በየካቲት 20 ቀን 1896 የሉሚዬርን ሲኒማ በለንደን ከተማ ለሕዝብ ያቀረበውም እርሱ ነው። የሚያስገርመው ግን በዚህ ፊልም ውስጥ ትሬዌ እንደ ማንኛውም ሰው ካርታውን ሲጫወት ብቻ መታየቱ ነው። አሳላፊው መጠጥ ያቀርባል፥ ይሥቃል፥ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፊልሙ ያልቃል። ካሜራውም ሰውየውም በአንድ ቦታ ተገናኝተው ሳለ ጥበቡ ሳይያዝ አለፈ።

ከመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ተመልካቾች አንዱ በ1888 የታዋቂውን ምትሐተኛ የሮቤር ኡደንን ቲያትር የገዛው ዦርዥ ሜሊየስ ነበር። ሜሊየስ ራሱ ምትሐተኛ ነው። በ1896 የሠራው የመጀመሪያው ፊልሙም የሉሚዬርን በመከተል የካርታ ጨዋታን የሚያሳይ ነበር። ጥቂት ቈይቶ ግን ካሜራ ከእጅ ይልቅ ሊያታልል እንደሚችል ተረዳ። ካሜራውን አቁሞ ዕቃውን ለውጦ እንደ ገና ቢያስነሣው ዕቃው በድንገት የተለወጠ ይመስላል። በ1905 በወጣው «ሕያዋን ካርታዎች» በተባለው ፊልሙ ምትሐተኛው አንዲት ካርታ ወስዶ ያሳድጋታል፤ በላይዋ የተሣለችውም ንግሥት ነፍስ ዘርታ ከካርታው ትወጣለች። ይህ የሚያስደስት ሥራ ነው፤ የእጅ ጥበብ ግን አይደለም። ምትሐቱ የተሠራው በፊልም መቀስ ነው።

የእነዚህ ፊልሞች ዕጣ አሳዛኝ ነበር። ሜሊየስ ከ500 የሚበልጡ ፊልሞች ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ሀብቱ ተሟጥጦ ቲያትሩንና የፊልም መሥሪያውን ባጣ ጊዜ፥ በ1923 ዋና ቅጂዎቹን በገዛ እጁ አቃጠላቸው። በኋላም በፓሪስ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ መጫወቻ ሲሸጥ ተገኘ። በየአገሩ ተበትነው ከቀሩት ቅጂዎች ተፈልገው የተገኙት 200 ያህል ናቸው።

የሰው እጅ ያላጠፋውንም የፊልሙ ጠባይ አጠፋው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም እሳት ፈጥኖ የሚይዘው፥ ከተቀጣጠለም በኋላ በውኃ እንኳ በቀላሉ የማይጠፋ ነው፤ ባይቃጠልም ከዓመት ወደ ዓመት እየተጣበቀ ዱቄት ይሆናል። በእርሱ የተተካው የአሲቴት ፊልም እሳትን አይፈራም፤ በሙቀትና በርጥበት ሲቀመጥ ግን የኮምጣጤ ሽታ እያመጣ ይጨማደዳል። በቀዝቃዛና በደረቅ ቤት መኖር ለሁለቱም ዕድሜ ይጨምርላቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ ፊልምን ያዳነው ያልታሰበ ነገር ሆነ። በአሜሪካ እስከ 1912 ድረስ ሕጉ ለተንቀሳቃሽ ሥዕል የተለየ የባለቤትነት መብት አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎች እያንዳንዱን ምስል በፎቶግራፍ ወረቀት አትመው እንደ ፎቶግራፍ ያስመዘግቡ ነበር። ፊልሙ ሲጠፋ ወረቀቱ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆየ። ከ3000 የሚበልጡ ፊልሞች በዚህ ዓይነት ተርፈው በኋላ ከወረቀት ወደ ፊልም ተመለሱ። ለክርክር የተቀመጠ ሰነድ ለታሪክ ቅርስ ሆነ።

፪፤ የተረፉት ፊልሞች የሚያሳዩት

አሮጌ ፊልም የሚመለከት ሰው አስቀድሞ ከአንድ ስሕተት መጠበቅ አለበት። ድምፅ አልባ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት በሰከንድ 16 ያህል ምስል ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ግን መለኪያው 24 ሆነ። በ16 የተነሣው ፊልም በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው አንድ ተኩል ጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች እየተንደረደሩ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ የምትሐተኞችም እጅ እንደ መብረቅ የፈጠነ ይመስላል። ብዙ ሰው «እጅ ከዓይን ይፈጥናል» የሚለውን አባባል በእነዚህ ፊልሞች አረጋገጥሁ ብሎ ተሳስቷል። ፊልሙ በተነሣበት ፍጥነት ሲታይ ግን የታላላቆቹ እጅ ዝግ ያለ ነው።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት አንዱ የካርዲኒ ፊልም ነው። ካርዲኒ በ1895 በዌልስ አገር የተወለደ ሲሆን እውነተኛ ስሙ ሪቻርድ ፒችፎርድ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በምሽግ ውስጥ ሳለ ካርታውን አልለየም፤ ከብርዱ የተነሣ ጓንት እንዳጠለቀ ይለማመድ እንደ ነበረ ይነገራል። ከጦርነቱም በኋላ ሌላው ባዶ እጁን ሊሠራ የሚቸገርበትን በጓንት እየሠራ ስሙን አስጠራ። በመድረክ ላይ የሚታየው ጥቂት ሞቅ ብሎት ወደ ማረፊያው የሚመለስ መኰንን መስሎ ነው፤ ባርኔጣና ካባ፥ በአንድ ዓይኑም መስተዋት አድርጎ ይገባል። ሚስቱ ስዋን እንደ አሽከር ለብሳ ትረዳዋለች። ካርዲኒ አንድ ቃል አይናገርም። ካርታዎቹ ሳይጠራቸው በእጁ ላይ ይመጣሉ፤ ይጥላቸዋል፥ ሌሎች ይመጣሉ፤ በመገረም ዓይኑን ሲያፈጥ መስተዋቱ ይወድቅበታል። ኀይል አለኝ አይልም፤ ይልቁንም ካርታዎቹ ያስቸገሩት ምስኪን ይመስላል።

ይህ ሥራ ዛሬ ሊታይ የቻለው በግንቦት ወር 1957 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ቀረበ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው የቴሌቪዥን ዝግጅት በቀጥታ ተላልፎ ያበቃ ነበር። እንዲቆይ የተፈለገ እንደ ሆነ በቴሌቪዥን መስተዋት ፊት የሲኒማ ካሜራ አቁመው ከመስተዋቱ ላይ ያነሡታል። ምስሉ የደበዘዘ ነው፤ ጫፉም ይጣመማል። የቪዲዮ ቴፕ ከ1956 ጀምሮ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ብዙ ጣቢያዎች የቀረጹትን እየሠረዙ በላዩ ሌላ ቀረጹ። በዚህ ምክንያት ስንት የጥበበኞች ሥራ እንደ ጠፋ ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። በዚያ የደበዘዘ ፊልም ውስጥ ግን የ61 ዓመቱ ካርዲኒ አሁንም ይገባል፥ ካርታዎቹም አሁንም ያስቸግሩታል።

ሌላው ጥበበኛ የዳነው በሌሎች ዝና ነው። በየካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልስ የተባሉት አራት እንግሊዛውያን ዘፋኞች በአሜሪካ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከታቸው። በዚያው ዝግጅት ከመጀመሪያው ዘፈናቸው በኋላ የቀረበው ሆላንዳዊው ፍሬድ ካፕስ ነበር። ካፕስ የምትሐተኞችን የዓለም ውድድር ታላቅ ሽልማት በ1950፥ በ1955 እና በ1961 ሦስት ጊዜ የወሰደ ብቸኛ ሰው ነው። የሚጮኸው ወጣት ሁሉ ዘፋኞቹ እንደ ገና እስኪመለሱ ሲቈጥር፥ እርሱ ግን ሳይደነግጥ የካርታና የጨው ምትሐቱን በእርጋታ ሠርቶ ወጣ። በዚያ ሌሊት ልብ ያለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ለዘፋኞቹ ሲባል ፊልሙ በጥንቃቄ ተጠብቆ ስለ ቆየ የካፕስም እጅ አብሮ ቆየ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የአርጀንቲናው ሬኔ ላቫንድ ነው። በ1928 ተወልዶ በዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ ጥበብ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ባለ ሁለት እጅ ለሆነ ሰው ስለ ነበረ የሚማርበት መጽሐፍም አላገኘም፤ ስለዚህ ለግራ እጁ የሚሆነውን መንገድ ራሱ ፈጥሮ ያዘ። ዓመታት በባንክ ቤት ሠርቶ ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ጥበቡ ገባ፤ እስከ ሞተበት እስከ 2015 ድረስም በብዙ አገሮች ቴሌቪዥን ታየ። ከታወቁት ሥራዎቹ በአንዱ ቀይና ጥቁር ካርታዎችን እያፈራረቀ ይደረድራል፤ ሲገለጡ ቀዩ ከቀይ፥ ጥቁሩ ከጥቁር ጋራ ሆኖ ይገኛል። ይህንኑ ደግሞ ዝግ ብሎ ይሠራዋል፥ እንደ ገናም ከዚያ ይበልጥ ዝግ ብሎ ይሠራዋል፤ በመጨረሻም ከዚህ ይልቅ ዝግ ማለት እንደማይቻል ለተመልካቹ ይነግረዋል። በአንድ እጅ፥ በዚያ እርጋታ፥ በካሜራ ፊት ተሠርቶም ምስጢሩ አይታይም። እንግዲህ ቢኔ በ1893 በፎቶግራፍ የጀመረውን ክርክር ላቫንድ በፊልም ፈጸመው፤ የሚያታልለው የእጅ ፍጥነት አይደለም።

ስለ ዳይ ቨርነን ሳይነገር ስለ ካርታ ጥበብ ሊነገር አይቻልም። ቨርነን በ1894 በካናዳ በኦታዋ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ኤርድኔዝ የሚል የብዕር ስም የያዘ ሰው በ1902 በቺካጎ ያሳተመውን የካርታ መጽሐፍ እያነበበ በቃሉ ያዘው። የዚያ መጽሐፍ ደራሲ እውነተኛ ማንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1922 በቺካጎ ከታላቁ ሁዲኒ ጋራ ተገናኙ። ሁዲኒ አንድን ምትሐት ሦስት ጊዜ ካሳዩኝ ምስጢሩን አውቃለሁ ይል ነበር። ቨርነን ሁዲኒ የፈረመባትን ካርታ በጥቅሉ ውስጥ ከላይኛዋ በታች ሲያስገባት እንደ ገና በላይ ሆና ትገኛለች። ከሦስት ጊዜ በላይ ደጋግሞ ሠራለት፤ ሁዲኒም አላወቀውም። ይህን የያዘ ፊልም የለም፤ የቀረው ወሬው ብቻ ነው።

ሌላውን የሕይወቱን ታሪክ መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል። ቨርነን ከጥቅሉ መካከል ካርታ እያወጣ ከላይ እንደሚያድል የሚያስመስል አንድ ቁማርተኛ መኖሩን ሰማ። ሊቃውንቱ ሁሉ ይህ የማይሆን ነገር ነው አሉ። ቨርነን ግን መንገድ ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየጠየቀ በ1932 በሚዙሪ አገር ፕሌዘንት ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የተባለውን ሰው አገኘው፤ ከእርሱም ተማረ። ዝነኛው አዋቂ በማይታወቅ ሰው ፊት ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ። ያ ጥበብ ዛሬ የሚታወቀው አንድ ሰው ፈልጎ ስለ ሄደና ያየውን ለሌሎች ስላስተማረ ነው።

ቨርነን በ1963 በሆሊውድ የተከፈተው የምትሐተኞች ማኅበር ቤት ገብቶ ከወጣቶች ጋራ ሲቀመጥ ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር። በዚያ ሳሎን ከዓመት እስከ ዓመት እየተቀመጠ ከሩቅ አገር የሚመጡትን ሁሉ አስተማረ፤ «ፕሮፌሰር» የሚል ስምም ወጣለት። በ1982 ደግሞ በካሜራ ፊት ተቀምጦ የሚያውቀውን ለብዙ ሰዓት ተናገረ። ይህ መዝገብ ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት አለው። ሽማግሌው እጁን ከማሳየቱ በላይ ይህን ከማን እንደ ተማረው፥ ያንን ማን እንደ ጀመረው፥ የሞቱት ባልንጀሮቹ እንዴት ይቀመጡና እንዴት ይናገሩ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ካሜራ ሳይደርስባቸው ያለፉ ሰዎች በእርሱ እጅና አንደበት ወደ ፊልሙ ገቡ። ቨርነን በ1992 በ98 ዓመቱ ዐረፈ።

፫፤ ለመምህር የሚሆነው

ከእነዚህ ፊልሞች መምህር የሚያገኘው የመጀመሪያ ነገር ስለ ልብ ማስተዋል ነው። በ2006 የታተመ የጉስታቭ ኩንና የማይክል ላንድ ጥናት አንድ ምትሐተኛ ኳስ ወደ ላይ የሚወረውር ሲያስመስል የሚያሳይ ፊልም ለሰዎች አሳየ። ኳሱ በእውነቱ ከእጁ አልወጣም። ምትሐተኛው ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣ እንደ ሆነ ከሦስት ተመልካቾች ሁለቱ ያህል ኳሱ ወደ ላይ ሲወጣ አየን አሉ፤ ዓይኑን በእጁ ላይ ያኖረ እንደ ሆነ ግን እንዲህ ያሉት ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ሰው የሚመለከተው ሌላው ሰው የሚመለከተውን ነው። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ የሚጽፍ መምህር ዓይኑ በመስኮት ውጭ ከሆነ ስድሳ ተማሪ ከእርሱ ጋራ ወደ ውጭ ይወጣል። ምትሐተኛ ዓይንን የሚመራው እውነትን ለመሠወር ነው፤ መምህር ግን እውነትን ለመግለጥ ነው። መሣሪያቸው አንድ ስለ ሆነ መምህር መሣሪያውን ከማወቅ ሊቦዝን አይገባውም።

ሁለተኛው ነገር መመርመርን የሚመለከት ነው። የሜሊየስ ፊልምና የላቫንድ ፊልም ሁለቱም የማይሆን ነገር ሆኖ ያሳያሉ፤ አንደኛው ግን የተሠራው በመቀስ ነው፤ ሁለተኛው በእጅ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ተመልካች «ፊልሙ ሳይቋረጥ የተነሣ ነውን? በምን ፍጥነት ተነሣ? በምን ፍጥነትስ ይታያል? ማን አነሣው?» ብሎ ይጠይቃል። በዛሬው ዘመን ምስልን መለወጥ ለሕፃን እንኳ ቀላል ሆኗል። ስለዚህ ተማሪ ፊደል እንደሚማር ሁሉ ምስልን መጠየቅም ሊማር ይገባዋል።

ሦስተኛው ነገር ተማሪን ከመጠበቅ ጋራ የተያያዘ ነው። በብዙ ከተሞች መንገድ ዳር ሦስት ካርታ በሣጥን ላይ እየገለባበጡ «የትኛዋ ናት?» የሚሉ ሰዎች ይታያሉ። ለትምህርት ቤት ክፍያ የተላከው ገንዘብ በዚያ ሣጥን ላይ ይቀራል፤ ልጁም እፍረቱን ይዞ ከትምህርት ቤት ይርቃል። የሦስቱ ካርታ ተንኰል አጭር ነው። ሰውየው በአንድ እጁ ሁለት ካርታ ደርቦ ይይዛል፤ የታችኛዋን የጣለ መስሎ የላይኛዋን ይጥላል። በዙሪያው ቆመው የሚያሸንፉትም ባልንጀሮቹ ናቸው። እንቅስቃሴው በፊልም ዝግ ተደርጎ ቢታይ ተማሪ በአምስት ደቂቃ ይረዳዋል። የእውነተኛውን ጥበበኛ ምስጢር ያለ ፈቃዱ መግለጥ ነውር ነው፤ «ሙያ በልብ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። የአጭበርባሪን ምስጢር መግለጥ ግን ግዴታ ነው።

አራተኛውና የሚበልጠው ነገር ስለ መምህርና ስለ ደቀ መዝሙር ነው። ፊልም እጅን ይይዛል፤ እጅን ግን አያርምም። ዛሬ ወጣቱ የካርዲኒንና የላቫንድን ፊልም መቶ ጊዜ አይቶ እንቅስቃሴውን ሊቀዳ ይችላል። የተሳሳተ ጣቱን የሚነካለት፥ «ይህን ገና አልደረስህበትም» የሚለው ግን የለውም። ቨርነን መጽሐፉን በቃሉ ይዞ ሳለ ኬኔዲን ፍለጋ መንከራተቱ ይህን ስላወቀ ነው። በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድም ነገሩ የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት የዜማ ምልክት በብራና ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ መሪጌታ የሆነ ሰው የለም። ምልክቱ ያስታውሳል፤ የሚያስተምረው መምህሩ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉትም ይህንኑ ሲያስረዱ ነው።

በአንጻሩ መምህሩ ካለፈ በኋላ ምልክቱ ባይኖር ምን ይቀር ነበር? አሜሪካዊው የካርታ ጥበበኛ ሪኪ ጄይ በ2018 ከመሞቱ በፊት በ2012 ስለ እርሱ በወጣው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ስለ ራሱ ከመናገር ይልቅ ስለ መምህሮቹ ሲናገር ይታያል። ከአያቱ ጀምሮ እስከ ቨርነን ድረስ እያንዳንዱን በስሙ ያነሣል፤ አሮጌዎቹም ፊልሞች በንግግሩ መካከል ይታያሉ። ፊልሙ ባይኖር የተማሪው ምስክርነት ብቻውን በቀረ ነበር፤ ተማሪው ባይኖር ደግሞ ፊልሙ ስም የሌለው የእጅ እንቅስቃሴ በሆነ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሙሉ ትምህርት ይሆናል።

ክቡራን መምህራንና መምህራት፤

ሆፍዚንሰር ከሞተ 150 ዓመት አለፈው፤ እጁን ያየ ሰው ዛሬ የለም። የእርሱ ዘመን የፊልም ካሜራ አልነበረውምና ምክንያት አለው፤ የዛሬው ዘመን ግን ምክንያት የለውም። በየአውራጃው አንድን የሒሳብ ምዕራፍ ከማንም ይልቅ የሚያስረዳ፥ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናትን በአንድ ዓመት ፊደል የሚያስቈጥር፥ የተቈጣ ክፍል በአንድ ዝምታ የሚያበርድ አሮጌ መምህር አይጠፋም። የእርሱም ጥበብ እንደ ምትሐተኛው ሁሉ እጁ ሲቆም የሚቆም ነው። ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉትን መምህራን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በፊልም ቢይዟቸው፥ የተያዘውንም በሁለት ቦታ ቢያስቀምጡትና ዘመን በተለወጠ ቍጥር ወደ አዲሱ መሣሪያ ቢገለብጡት፥ ወጪው ጥቂት ነው። ከፊልሙም ጋራ አንድ ወጣት መምህር በአጠገባቸው ተቀምጦ እንዲጠይቃቸው ቢደረግ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ቨርነን በዚያ ሳሎን፥ በዚያው መቀመጫ፥ የተማረውን ሳያስተምር አላለፈም። ካሜራው የመጣው ሰማንያ ዓመት ከዘለለ በኋላ ነበር፤ ቢሆንም በጊዜ ደረሰ።